ነጭ ሰሌዳ፣ ጥቁር ሰሌዳ

የመምህርነት ፈተና በዓመት አንዴ ነው። አክስቴ ደግሞ «ዘንድሮ ካላለፍሽ ከእኔ ጋር የሰው ልብስ እያጠብሽ ትኖሪያለሽ» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። ፈተናው በስድስት ሰዓት በአውራጃው ከተማ ነው። እኛ አሜሪካ፣ ሜይን ውስጥ፣ ድልድዩ ሳይሠራ፣ ከተማ መሄድ ማለት ወንዙን በጀልባ፣ ከወንዙ እስከ ወፍጮው በትራም፣ ከወፍጮው ወዲያ በአውቶብስ ነበር። አንዱ ካመለጠ ሁሉም አመለጠ።

ጀልባው የሚቆመው ማዶ ነው። በእኛ በኩል ግንድ ላይ የምትዞር ሰሌዳ አለች፤ አንድ ፊቷ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር። እግረኛ ነጩን ወደ ማዶ ያዞራል፤ ቀዛፊው ኢኖክ በትንሿ ጀልባ ከች ይላል። ጋሪ ያለው ጥቁሩን ያዞራል፤ ያኔ ጠፍጣፋው ጀልባ በገመድ እየተጎተተ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ኤሊ ነው። የትራሙ ነጂ ዎልዶ ደግሞ ከማዶ ሆኖ ሰሌዳዋን ያያል። ነጭ ከሆነች ተሳፋሪ አለ ብሎ ይጠብቃል፣ ጥቁር ከሆነች ይሄዳል።

ነጩን አዞርኩ። ኢኖክ ወዲያው ተነሣ። መሐል ወንዝ ሲደርስ ከኋላዬ ጋሪ ቆመ። ጎረቤታችን ሚስተር ፒስሊ ናቸው፣ ጥጃ ጭነው። ወረዱና ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳይሉ ሰሌዳዋን ወደ ጥቁር ገለበጧት።

ኢኖክ አየና ትልቁን ሊያመጣ ጀልባዋን መለሳት።

«ምን አደረጉ? ሊደርስልኝ ነበር እኮ።»

«ጋሪ ይዣለሁ።»

«እኔን ካሻገረኝ በኋላ ቢያዞሩት ምን ነበረበት?»

«ጋሪ ይዞ ነጭ ሥር የሚቆም ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ወይስ ጥጃዋን አዝዬ ልሻገር?»

«ትራሙ ይሄድብኛል።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም? አርፈሽ ቁሚ፣ ልጄ።»

ደሜ ፈላ። ሰሌዳዋን ወደ ነጭ መለስኳት። እሳቸው ወደ ጥቁር። እኔ ወደ ነጭ። የሰባ ዓመት ሽማግሌና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እንጨት ይዘን ተጓተትን። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ሲደክመን ቀና ብዬ አየሁ። ኢኖክ መሐል ወንዝ ላይ መቅዘፊያውን አስቀምጦ ፒፓውን ያጨሳል። ከማዶ ደወል ተሰማ፤ ትራሙ ተነሥቶ ጫካው ውስጥ ገባ።

በመጨረሻ ትልቁ ጀልባ ደረሰ። ኢኖክ ሲያየኝ ደነገጠ።

«ሎቪና? አንቺ ነሽ እንዴ? ፀሐይ ዓይኔን ወግታኝ ሰው አልለየሁም፤ እነዚያ የሰፈሩ ባለጌ ልጆች በሰሌዳው የሚጫወቱ መስሎኝ እኮ ነው የቆምኩት።»

«ዎልዶስ ምነው ጥሎኝ ሄደ?»

«ዎልዶማ ፈተና እንዳለሽ ያውቃል። ‹ዛሬ ነጭም ሆነ ጥቁር እጠብቃታለሁ› ብሎኝ ነበር። አውቶብሱም እንዲቆይ ወፍጮው ድረስ ስልክ ደውሏል። ሰሌዳው ሲገለባበጥ ግን ከዳር ሆኖ ‹ልጆቹ ናቸው፣ እሷ ቀርታለች› ብሎ ጮኸልኝና ሄደ።»

«ቀጣዩ ስንት ሰዓት ነው?» አሉ ሚስተር ፒስሊ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ስምንት።»

እሳቸውን ልሰድብ ዞርኩ፤ ዓይኔ ግን ሰሌዳዋ ላይ ዐረፈ። መጀመሪያ ወደ ጥቁር እንዳዞሯት ትቻት ብቆም ኖሮ እደርስ ነበር።