ያለ ልጅ የመጣ ወተት

ወተቱ የመጣው በጥቅምት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሸሚዜ ረጥቦ ነቃሁ። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩትና ሳቄ መጣ። የወር አበባዬ ከቆመ አራት ወር አልፎት ነበር። «መጣልኝ» አልኩ። ከሁለት ዓመት በፊት በስምንት ወሩ ሆዴ ውስጥ የሞተው ልጄ ሐሳቡን ቀይሮ የተመለሰ መሰለኝ። አበደች አትበሉኝ፤ ወተት በደረታችሁ ሲወርድ እናንተም ታምናላችሁ። ከመድኃኒት ቤት የገዛሁት መመርመሪያ ሁለት ጊዜ እርጉዝ አይደለሽም አለኝ። እኔም ሁለት ጊዜ ቆሻሻ ውስጥ ወረወርኩት።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ለባሌ ለኡልፋር እንኳ። እሱ ልጃችን ከተቀበረ ወዲህ ድንጋይ ሆኗል። አንድ ቀን ሲያለቅስ አላየሁትም። ለድንጋይ ደግሞ ምን ይነገራል?

ዓለምም ቀስ በቀስ እየጠበበችኝ መጣች። ግራና ቀኙን ጭጋግ ወሰደው፤ መኻሉ ብቻ ቀረልኝ። በረዶ የሚዘንበው ፊት ለፊቴ ብቻ ነበር። ሰዎች ከየት መጡ ሳይባል አፍንጫዬ ሥር ብቅ ይላሉ፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲሉ ደግሞ ይጠፋሉ። ትከሻዬ ከበር መቃን ጋር ተጣላ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር። በዚያች ጠባብ ብርሃን ውስጥ ያለነው እኔና የሚመጣው ልጅ ብቻ ነበርን፤ ቀኑን ሙሉ በልቤ አዋራው ነበር።

ሥራዬን ስትሰሙ ደግሞ ትስቁብኛላችሁ። ሬይክያቪክ ውስጥ ለበሽታ ስም የሚያወጡ የሁለት ሽማግሌ ሐኪሞች ጸሐፊ ነኝ። ለእኛ ለአይስላንዳውያን የባዕድ ስም አይዋጥልንም፤ በሽታ እንኳ ከውጭ ሲመጣ በገዛ ቃላችን ክርስትና ይነሣል። ማክሰኞ ማክሰኞ የማሕፀን ሐኪሙ ኤይዮልፉር የሴቶችን ሕመም ይሰይማሉ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ቶርግሪሙር ከአንጎል ለሚወጡት ነርቮች ሕመም ስም ያወጣሉ፤ ለማሽተቱ፣ ለማየቱ፣ ፊት ለሚያጣምመው። የሁለቱንም የምተይበው እኔ ነኝ። «ሳይወልዱ ወተት መፍሰስ» ብዬ ተይቤያለሁ። «የሁለቱም ጎን ዕይታ መጥፋት» ብዬም ተይቤያለሁ። በገዛ እጄ! ግን አንዱ የማክሰኞ ነው፣ ሌላው የሐሙስ፤ እኔም ማወቅ አልፈለግኩም።

የወጣው ስም የሚፈተነው ደጅ ባለው የሕዝብ ሙቅ ገንዳ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ እስከ አንገቱ ተነክሮ ወሬ በሚጠርቅበት። ሐኪሞቹ ስሙን ጣል ያደርጋሉ። ሳይብራራለት ሰው ከገባው አለፈ፤ ሰው ከሳቀ ወደቀ። የገና በዓል ስለ ደረሰ በዚያን ቀን ሁለቱም አብረው መጡ። እንፋሎቱ ሰውን ሁሉ ሸፍኗል፤ በረዶው ራሳችን ላይ እያረፈ ይቀልጣል። እኔ ጥጌን ይዤ፣ ዓይኔን ከድኜ፣ ከልጄ ጋር ነበርኩ።

«ያለልጅ ወተት» አሉ ኤይዮልፉር።

«ገብቶናል! አለፈ!» አለች ዳግኒ። ዳግኒ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ስትበልት የኖረች ሴት ናት፤ ምላሷም ከቢላዋዋ አያንስም።

ቶርግሪሙር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የዋሻ ዓይን።»

«የዋሻ ዓይንማ የቀድሞ ባሌ ነው! ሲሰክር ዓይኑ ይሰረጉድ ነበር።» ገንዳው በሳቅ ተናወጠ።

«ወደቀብህ!» አሉ ኤይዮልፉር። «ስንት ወር አስበህ ነው ይህን ያመጣህ?»

«አንተ ዝም በል። ግራና ቀኙ ጨልሞ መኻሉ ብቻ ለሚታየው ሰው ነው» አሉ ቶርግሪሙር ተቀይመው።

«ቆዩ እስቲ» አለች ዳግኒ። አሁን አልሳቀችም። «ሁለቱም ያለባት ሴትስ? ወተቱም፣ ዓይኑም?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ለእሷ ስም ከማውጣት በፊት መኪና ነው የሚጠራላት» አሉ ቶርግሪሙር። «ከአንጎል ሥር የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች። እሷ ስታብጥ ወተት ታመጣለች፣ የወር አበባ ታስቀራለች፤ ከላይዋ የሚያልፉትን የዓይን ነርቮችም ትጫናለች። ያቺ ሴት ቶሎ ካልታከመች ትታወራለች።»

«እንግዲያው ይንገሯት» አለች ዳግኒ። «ያቻትና፣ ጥጉ ጋ።»

ደሜ ፈላ። እኛ ዘንድ ራቁቱን ከሰው ጋር ሳይታጠብ ገንዳ የሚገባ የለም፤ ለካ ዳግኒ ስንታጠብ ወተቴን አይታ ኖሯል። ከበሩ ጋር ስላተምም አይታኛለች።

«አፍሽን ዝጊ!» ብዬ ጮህኩባት። «በሰው ገላ ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

«ዓይንሽ ይዳንና እንደ ልብሽ ትሰድቢኛለሽ። ሦስት ሳምንት ዝም አልኩሽ፤ አንጀቴ አልችል አለ።»

ቶርግሪሙር ውሃውን እየቀዘፉ መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ። «ስቴይንቮር፣ ልጄ፣ አፍንጫዬን ብቻ እይ። ጣቶቼን በግራና በቀኝሽ አወዛውዛለሁ። ሲታዩሽ ንገሪኝ።»

አፍንጫቸውን አየሁ። ጠብታ ተንጠልጥሎበታል። ጠበቅኩ። ጠበቅኩ።

«ኧረ ይጀምሩ እንጂ» አልኳቸው።

ወደ ዳግኒ ዞርኩ፤ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። ያኔ ነው እጃቸው ሲወዛወዝ መቆየቱ የገባኝ፤ ያኔ ፈራሁ።

ሆስፒታል በዚያው ቀን ራሴን በመሣሪያ አነሡኝና ዕጢዋን አብጣ አገኟት። «ቀዶ ጥገና ላያስፈልግሽ ይችላል» አለችኝ ወጣቷ ሐኪም ደስ ብሏት። «ክኒኑ ያኮማትራታል። ወተቱም ይደርቅልሻል።» ይደርቅልሻል! ምርቃት መስሏታል።

ክኒኑን እጄ ላይ አድርጌ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ብውጠው ልጄን ሁለተኛ መቅበሬ ነው፤ ባልውጠው መታወሬ ነው። በመጨረሻ ጮክ ብዬ «የሚመጣ ልጅ የለም» አልኩ። ቤቱ ባዶ ነበር። ዋጥኩት።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሸሚዜ ደረቅ ነበር። እንደ ወትሮዬ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ኡልፋርም እንደ ወትሮው መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ከሥራ በፊት ጋዜጣ ያነባል፣ ገጹን ሲገልጥ እሰማዋለሁ። ከቀኜ በኩል፣ ለወራት ጭጋግ ብቻ ከነበረበት፣ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። አንገቴን አላዞርኩም። ጋዜጣው ጭኑ ላይ ነው። እሱ የሚያየው ደረቴን ነበር፤ እንባው እስከ አገጩ ወርዷል።

«ኡልፋር፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታለቅሰው?»

ደነገጠ። «አየሽኝ?»

«አየሁህ።»

«ከጥቅምት ጀምሮ» አለኝ። «ሸሚዝሽን ሳጥብ ወተቱን አገኘሁት።» ከዚያ ጋዜጣውን አጠፈ። «ደረቀ?»

«ደረቀ።»

«እኔም እኮ ልጃችንን እየጠበቅኩት ነበር» አለ።