በሳምንት አንድ ጊዜ

ፋርማሲስቷ በሰፈሩ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ ሐኪም የሞነጫጨረውን ማዘዣ ሁሉ እንደ ጋዜጣ ማንበቧ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያን የሴቶችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ስትመራ አንዲትም ሴት አለማንቀላፋቷ። ከአንድ ባንኮኒ ጀርባ አሥራ ሰባት ዓመት ቆማለች። መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት ማዘዣውን ሁለቴ ታነባለች፤ ከሰጠች በኋላም «በል እስቲ መልሰህ ንገረኝ፣ መቼ መቼ ነው የምትወስደው?» ሳትል የሸኘችው ሰው የለም። ቢያንስ እሷ እንደዚያ ይመስላት ነበር።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ልብስ ሰፊዋ ገባች። የጋሽ ካርታ ልጅ ናት። አባቷ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ጡረተኛ ሲሆኑ፣ መንገድ ዳር ቆመው ላልጠየቃቸው ሰው ሁሉ አቅጣጫ ስለሚያሳዩ ሰፈሩ «ጋሽ ካርታ» የሚል ስም አወጣላቸው። እሳቸውም ስሙን ወደውታል። ልጃቸው ያን ቀን አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር እንኳ ሳታወልቅ ነበር የመጣችው፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ለአፍ ቁስል የሚሆን ማጉመጥመጫ ስጪኝ እስቲ።»

«ለማን ነው?»

«ለአባዬ። ሆስፒታል ከተኛ አራተኛ ቀኑ እኮ ነው፤ አልሰማሽም? አፉ በሙሉ ቆስሎ ውሃ እንኳ አልወርድ ብሎታል። ትኩሳቱ አልበርድ አለ፣ ደሙም አንሷል። ሐኪሞቹ ኢንፌክሽን ነው ይላሉ፤ የሚሰጡት መድኃኒት ግን ጠብ አላለለትም።»

መደርደሪያው ላይ የተዘረጋው የፋርማሲስቷ እጅ ባለበት ቀረ። የአፍ ቁስል፣ ትኩሳት፣ የደም ማነስ። ከሦስት ሳምንት በፊት ለጋሽ ካርታ አዲስ የመገጣጠሚያ መድኃኒት ሰጥታቸዋለች። ትንሽ ቢጫ ኪኒን ናት። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስትዋጥ ታሽላለች፤ በየቀኑ ስትዋጥ ግን ሰውነት ደም መሥራቱን ያቆማል።

«የመገጣጠሚያውን ኪኒን እንዴት እንዴት ነው የሚወስዱት?» አለች፣ ድምፅዋን እንደ ምንም አረጋግታ።

«በየቀኑ ነዋ፣ ጠዋት ጠዋት። አንቺ ሳጥኑ ላይ እንደጻፍሽለት። አባዬን ታውቂው የለ፤ ሆስፒታል እስኪገባ ድረስ አንድም ቀን አላሳለፈም።»

«ለሐኪሞቹ ነግራችኋቸዋል?»

«የመገጣጠሚያ ኪኒን ይወስዳል ብያቸዋለሁ። ስሙን ከየት አውቄው?»

እዚያው መናገር ነበረባት። ምላሷ ግን ተሳሰረ። ማጉመጥመጫውን በላስቲክ አድርጋ ሰጠቻት፤ «እግዚአብሔር ይማራቸው» አለቻት፤ ሸኘቻት።

ጓዳ ገብታ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ሐኪሙ የጻፈው ማዘዣ ክላሰር ውስጥ አለ፤ «በሳምንት አንድ ጊዜ» ይላል፣ ቁልጭ ብሎ። ኮምፒውተሩ ላይ የተመዘገበውና ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ግን «በየቀኑ አንድ ኪኒን» ይላል፤ ከግርጌው የሷ የስም ምልክት አለ። ቀኑን ስታየው ትዝ አላት። ቅዳሜ ነበር፤ ወረፋው እስከ በር ደርሶ። በአንድ እጇ መድኃኒቱን እየመዘገበች፣ በሌላው እጇ ስልኳ ላይ ለጥናት ቡድኑ ሴቶች የሳምንቱን ጥቅስ ትልክ ነበር። ጥቅሱ ስለ ምን እንደነበር አሁን ልታስታውሰው አልቻለችም። ሃያ ሰባት የልብ ምልክት ተሰጥቶት እንደነበር ግን አልረሳችውም። ጋሽ ካርታን ያን ቀን መልሰው እንዲነግሯት አልጠየቀቻቸውም።

ስክሪኑ ጥግ ላይ «አስተካክል» የሚል ትንሽ አረንጓዴ ቁልፍ አለ። አንዴ ብትጫነው «በየቀኑ» የሚለው «በሳምንት» ይሆናል። ሳጥኑስ? ኪኒኑ አልቆ፣ ሳጥኑም እስካሁን ተጥሎ ይሆናል። ጣቷን እዚያ ላይ አሳርፋ ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ደንበኛ ሲመጣ ትወጣለች፣ የሳል ሽሮፕ ትሰጣለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ሁለት ሰዓት እንደዚያ አለፈ። በመጨረሻ ቁልፉን ሳትነካ ኮምፒውተሩን እንዳለ ትታ፣ ወደ ሆስፒታሉ ስልክ ደወለች። ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። ደገመች፤ ያው ነው።

ለምሳ ባሏ ሲመጣ ነጭ ጋዋኗን አውልቃ፣ ማዘዣውን በእጇ ይዛ ቆማ አገኛት። ባሏ መኪና መንዳት የሚያስተምር ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ላይ እግሩን አስቀምጦ ስለሚውል በኑሮም ቶሎ ፍሬን መያዝ ይቀናዋል። ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ በሩን ገርበብ አደረገ።

«የሥራ ፈቃድሽን ይነጥቁሻል» አለ። «ሰውየው ክፉ ካገኛቸው ደግሞ እስር አለ። አስበሽዋል?»

«አስቤዋለሁ።»

«እንግዲያው ስምሽን ሳትናገሪ ደጋግመሽ ደውይላቸው። ዋናው ማወቃቸው አይደል?»

«ስሙን ያልተናገረ ሰው በስልክ የነገራቸውን ማን አምኖ ነው መድኃኒት የሚቀይር? ማዘዣውን የያዘ፣ ቀኑንና መጠኑን የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስፈልጋቸው። እሱም እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው። እግዚአብሔር ልብሽን ያያል። ንስሐ ግቢ፤ ይቅር ይልሻል።»

ፋርማሲስቷ ጠዋት የጠፋባት ድምፅ የተመለሰላት ያኔ ነው።

«ይቅር ብሎኛል እንጂ! ክርስቶስ የሞተልኝ ዛሬ ጠዋት ነው እንዴ? ይኸውልህ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ የፈራሁት ምን እንደሆነ ገባኝ። ‹ጎበዝ ፋርማሲስት፣ ጎበዝ አስተማሪ› የሚለውን ስም እንዳላጣ ነው። የዳንኩት በእሱ መስሎኝ ነበር ማለት ነው። በሥራ ፈቃዴ ከሆነ የዳንኩት፣ ይንጠቁኝና ልጥፋ። በክርስቶስ ደም ከሆነ ግን ማን ይነጥቀኛል? ምሕረት ያገኘ ሰው እውነት መናገር ካቃተው፣ ማን ሊናገር ነው?»

ባሏ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «ነይ» አለ። «እኔ እነዳለሁ።»

ፋርማሲውን ከሰዓት በኋላ ለምትገባው ባልደረባዋ ትታ ወጣች። መኪናው ጣሪያ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ስለነበረ፣ አውቶቡሱም ታክሲውም ከሩቁ እየሸሸ መንገድ ለቀቀላቸው። ባሏ በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ፈጥኖ ነድቶ አያውቅም። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ፊቱ ወዝቷል።

ሁለተኛ ፎቅ፣ በመተላለፊያው መጨረሻ ላይ የዋርዱን ሐኪም የበሽተኛ ፋይል ስታገላብጥ አገኘቻት። ገና ወጣት ናት፤ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታዋለች።

«ጂኦግራፊ ያስተምሩ የነበሩትን አዛውንት የምታክሚያቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፤ ልጃቸው ነሽ?»

«አይደለሁም። የመገጣጠሚያ መድኃኒታቸውን የሰጠኋቸው ፋርማሲስት ነኝ። በሳምንት የሚወሰደውን በየቀኑ ብዬ ጻፍኩባቸው። ሃያ ቀን ያህል ወስደውታል። ማዘዣው ይኸው፣ መጠኑም ይኸው። ስህተቱ የሐኪሙ አይደለም፣ የሳቸውም አይደለም፤ የኔ ነው።»

ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና ዓይኗ ተበለጠጠ። አልተቆጣችም፣ አላመሰገነችም፤ ዞር ብላ ነርሷን በስሟ ተጣራች። የማርከሻ መድኃኒቱን ስም ስትናገር እግሯ መሮጥ ጀምሮ ነበር። «ዛሬ መሆኑ ጥሩ ነው» አለች፣ ወደኋላ ሳትዞር። «ከነገ ወዲያ ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር።»

ፋርማሲስቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የተገላገለች መስሏት ነበር። ዞር ስትል ግን ልብስ ሰፊዋ ከኋላዋ ቆማለች፤ ማጉመጥመጫው በላስቲኩ እንዳለ በእጇ ነው።

«ጠዋት ታውቂ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋ ቀስ ብሎ ጀምሮ ከፍ አለ። «ስለ ኪኒኑ ስትጠይቂኝ ገብቶሽ ነበር! ዓይን ዓይኔን እያየሽ ‹እግዚአብሔር ይማራቸው› አልሽኝ!»

«አዎ፣ ገብቶኝ ነበር። ፈራሁ። የጻፍኩት ስህተት ነው፤ ዝም ያልኩት ግን ኃጢአት ነው። እንድትምሪኝ አልመጣሁም፤ እንድታውቂው ነው።»

«አወቅኩልሽ! አሁን ከፊቴ ጥፊ።»

ፋርማሲስቷ እሺ ብላ ሄደች። የዚያኑ ዕለት ለፋርማሲው ባለቤት ነገረችው፤ በማግስቱ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በራሷ እጅ ጽፋ አስገባች። እሑድ ሲደርስ ደግሞ በጥናቱ ሴቶች ፊት ቆማ አንድም ሳትደብቅ ተናገረች፤ «ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ያስተምራችሁ» አለቻቸው። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ነበረች፤ ጥናት ላይ ተናግራ የማታውቅ። እሷ ተነሣች።

«እኔ እስከ ዛሬ አንቺን ስሰማ ‹ይቺ መቼ ወድቃ ታውቃለች› እያልኩ ነው ቤቴ የምገባው» አለች። «ስለ ምሕረት የሚያወራልኝ ምሕረት የሚያስፈልገው ሰው ከሆነ እኔም አምነዋለሁ። ቁጭ በይና ቀጥይ።» ሌሎቹም አልተቃወሙም። ቁጭ ብላ ቀጠለች።

በዘጠነኛው ቀን ስልኳ ጮኸ። ሐኪሟ ናት። «በሽተኛሽ ተነሥተው ከነርሶቹ ጋር የመስኮቱ አቅጣጫ ሰሜን ነው አይደለም እያሉ እየተከራከሩ ነው። አንቺንም ጥሩልኝ ብለዋል።»

ጋሽ ካርታ ከስተው አንገታቸው ቀጥኗል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ልጃቸው ስታያት ፊቷን አዙራ ወጣች። አዛውንቱ በእጃቸው ወንበሩን አመለከቷት።

«ተቀመጪ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። እኔ ከፈጣሪ ጋር ከሩቁ ሰላምታ ብቻ ነው ያለኝ፤ ታውቂያለሽ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ማንም አላየሽም፤ ብሞት እንኳ በእርጅና ነው የሚባለው። ምን አመጣሽ?»

«ጋሼ፣ በመጀመሪያ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እሱን አድርጌልሻለሁ፤ ጥያቄዬን መልሺ።»

ፋርማሲስቷ ከቦርሳዋ ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ አወጣችና የዘኬዎስን ታሪክ በራሷ አነጋገር ነገረቻቸው። ቀረጥ ሰብሳቢ ነው፤ ሰው የዘረፈ፣ ሰው የጠላው። ቁመቱ አጭር ስለሆነ ጌታን ለማየት ዛፍ ላይ ወጣ። ጌታም ቀና ብሎ በስሙ ጠራውና «ዛሬ ቤትህ እገባለሁ» አለው። ሰውየው የዘረፈውን እመልሳለሁ ብሎ በሰው ፊት የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

«እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው» አለች። «መጀመሪያ መልስ፣ ከዚያ እመጣለሁ አላለውም። መጀመሪያ መጣለት። ዘኬዎስ የመለሰው ለመዳን አይደለም፤ ስለዳነ ነው። እኔም ሆስፒታል የመጣሁት እግዚአብሔር እንዲምረኝ አይደለም፤ ስለማረኝ ነው። ሌላ መልስ የለኝም፣ ጋሼ።»

ጋሽ ካርታ ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ። «ይህ የሆነው የት ከተማ ነው አልሽኝ?»

«ኢያሪኮ።»

«ኢያሪኮ!» አሉና ከትራሱ ቀና ለማለት ሞከሩ። «ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት እኮ ነው! ከባሕር ወለል በታች ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር። በዓለም ላይ ከሷ ዝቅ ያለች ከተማ የለችም።» ትንሽ ተነፈሱ። «እና እዚያ ድረስ ወርዶ፣ ቀና ብሎ አየው ነው የምትዪኝ?»

«ቀና ብሎ አየው።»

 ልትወጣ ስትነሣ ሽማግሌው «መጽሐፉን ተዪልኝ» አሉ። «መነጽሬን ትላንት አምጥተውልኛል።»

የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ቦርድ በሁለተኛው ወር ተሰበሰበ። በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት አምስቱ ሰዎች ደብዳቤዋን አነበቡ፣ ጠየቋት፣ መለሰች። ስድስት ወር እንዳትሠራ ታገደች፤ ሥልጠናም ተጨመረባት። የሥራ ፈቃዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ስድስቱን ወር በአንድ መጋዘን ካርቶን ስትደረድር አሳለፈች፤ ወገቧን አመማት፣ እንቅልፏ ግን ጥሩ ነበር። የፋርማሲው ባለቤት በበኩሉ የሠራተኞቹን ስልክ በሥራ ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረ። በሳምንት የሚወሰድ መድኃኒት ሁሉ ሳጥኑ ላይ የቀኑ ስም እንዲጻፍበት፣ ሌላ ሰው አይቶ እንዲፈርምበትም አዘዘ።

ወደ ሥራ የተመለሰች ዕለት ባንኮኒው ላይ ሁለት ሆነው ነበር፤ እሷና ባልደረባዋ። ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ገባች። በስድስቱ ወር ውስጥ መንገድ ላይ ሲተላለፉ አንድም ቀን ሰላም አላለቻትም። ባልደረባዋ ማዘዣውን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። ልብስ ሰፊዋ ግን ወረቀቱን እንደያዘች ትንሽ ቆማ አሰበችና አለፍ ብላ ፋርማሲስቷ ፊት አስቀመጠችው።

«የአባዬ ነው» አለች። «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

ፋርማሲስቷ ጮክ ብላ አነበበች።

«ድገሚው።»

ደገመችው። ልብስ ሰፊዋ በጣቷ እየተከተለች ከወረቀቱ ጋር አመሳከረችና ራሷን ነቀነቀች። መድኃኒቱን ተቀብላ በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«አባዬ እሑድ እሑድ እናንተ ጋ መምጣት ይፈልጋል» አለች። «የሴቶች ነው ብዬዋለሁ፣ አልሰማኝም። ካርታም ይዤ እመጣለሁ ብሏል፤ ተዘጋጂ።»