የወይዘሮ ደብሪቱ ድንጋይ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው፣ ድንጋዩ ድንጋይ ብቻ መሆኑን ስነግር ኖሬያለሁ። በሞላሌ የገበያ ቀን ከማዕድን ቢሮዬ በር ላይ ድንጋይ ቋጥሮ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። ጊሼ ላይ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ከተገኘ ወዲህማ ብሶበታል። ታክቶኛል። ለጡረታዬ አራት ወር ቀርቶኛል፤ ማጉያ መነጽሬን ሳነሳ እንኳ እጄ ይዝላል።

ወይዘሮ ደብሪቱ የመጡት ቢሮ ልዘጋ ስል ነው። ከነጠላቸው ጫፍ የፈቱት ድንጋይ ቡጢ ያክላል፤ በአንድ ጎኑ ከጤፍ ብዙም የማይተልቁ ጥቁር አረንጓዴ ፍሬዎች ተሰግስገውበታል። ማላካይት የሚባለው የተለመደ አረንጓዴ የመዳብ ማዕድን መሰለኝ። አሲድ ጠብ አደረግኩበት፤ ማላካይት ቢሆን ይፈላ ነበር፣ ይሄ ዝም አለ። በመነጽር ሳየው ድካሜ ለአፍታ ጠፋ። በመጽሐፍ ብቻ የማውቀው፣ የመዳብ ፎስፌት የሚባል ብርቅ ማዕድን ነው።

"ዋጋ ያወጣል?" አሉኝ። "ልጄ ይታየው ሐሙስ በጅቡቲ አድርጎ ዓረብ አገር ሊሄድ ነው። ይሄ ድንጋይ የሚያረባቸው በጎች መግዣ ካወጣልኝ ግን እቀራለሁ ብሎኛል።"

"መዳብ ያለበት ብርቅ ድንጋይ ነው፤ ዋጋው እነዚህ ፍሬዎች ናቸው። ረቡዕ ከአዲስ አበባ ገዢ እጠራለሁ፣ ያኔ ይዘውት ይምጡ" አልኳቸው። ቁልፌን እያነሳሁ ነበር። ሌላ አልጨመርኩም።

ረቡዕ ገዢው ሳይደርስ እሳቸው ደረሱ። ድንጋዩን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለውታል። ስፈታው ፍሬዎቹ የሉም፤ የደበዘዘ እድፍ ብቻ ቀርቷል።

"መዳብ አለበት ስላሉኝ፣ የመዳብ የአንገት መስቀሌን ለጥምቀት እንደማሸው አሸሁት" አሉ። "ከመርሐቤቴ በመጣ ሎሚ ዘፍዝፌ አሳደርኩት፣ ጠዋት በአመድ ፈተግኩት። እርስዎ አሲድ ጠብ ሲያደርጉበት ምንም ስላልሆነ፣ ሎሚ ምን ያደርገዋል ብዬ ነው።" ፊቴን አዩት። "ምነው ጋሼ? አበላሸሁት እንዴ?"

አንዲት የአሲድ ጠብታ አላፈላችውም እንጂ፣ ሎሚ ውስጥ ሲያድር መሟሟቱ አይቀርም። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ሰው። "አይጠቡት" አንዲት ቃል ነበረች፤ ደክሞኝ ዋጥኳት።

"የለም እትዬ ደብሪቱ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያውም ተራ ድንጋይ ነበር።" ለእሳቸው ብዬ ይሁን ለራሴ የዋሸሁት፣ አላውቅም።

"ተመስገን!" አሉ፣ ትከሻቸው ረገብ ብሎ። "ልጄ የሚሄደው በእኔ ጥፋት አይደለማ።" ድንጋዩን ትተውልኝ ወጡ።

ይታየው ሐሙስ ሄደ። ድንጋዩ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ድንጋይ ነው እላለሁ።