ያልተቆለፈው መስመር

ኅዳር ሁለት ቀን፣ ማክሰኞ ጧት፣ በሸሕዲው የካላዛር ሕክምና ጣቢያ ከስምንቱ አልጋ ሰባቱ ተይዘው ነበር። አምስተኛው ላይ የተኛው ባፈና ፈንቴ ሰሊጥ ሊያጭድ ከጎጃም ደጋ የወረደ የሃያ ሁለት ዓመት ሳሉግ፣ የወቅት ሠራተኛ፣ ነው። ጣፊያው በካላዛር አብጦ ከጎድኑ በታች አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ወርዷል። የላቦራቶሪ ባለሙያው የውባንተ የኢሜይል መፈረሚያ ካርድ በአንገቱ ላይ ነበር፤ የሚስጥር ቁጥሩን ተሳስቶ ስለማያውቅ ካርዱ ሳይዘጋ የሚፈቅዳቸው ሦስት ስሕተቶች ሳይነኩ ተቀምጠዋል።

ለዚህ ካርድ ጎንደር ወጥቶ አምስት ቀን ሠልጥኗል። የበሽተኛ ውጤት ጎንደር ላሉት ለዶክተር ሔለን የሚደርሰው በኢሜይል ነው። ደብዳቤውን ሐኪሟ በላኩለት የኮምፒውተር ቁልፍ ይቆልፈዋል፤ መክፈቻው በእሳቸው ካርድ ውስጥ ብቻ ነው። ቀጥሎ የራሱን ካርድ ማንበቢያው ላይ ሰክቶ፣ ስድስቱን አኃዝ መትቶ ይፈርማል። ሲጨርስ ካርዱን ነቅሎ ከማተቡ ጎን ያንጠለጥለዋል። በዚህ የመዝገብ ክፍሏ አገኘሽ ትስቅበታለች።

«ውቤ፣ ቄሱ ሁለት ማተብ አሰሩልህ እንዴ?»

«ሁለተኛው የበሽተኞቹ ነው» ይላታል።

በዚያ ማክሰኞ ከዶክተር ሔለን ቅሬታ መጣ። «በቀን አምስት ደብዳቤ ትልካለህ፤ የሁሉም ርዕስ 'ውጤት' ነው። የቱ የማን እንደሆነ ሳልከፍት ልወቀው እንጂ።» ውባንተ ትክክል ናቸው አለ። የባፈናን ውጤት ሲልክ በርዕሱ ቦታ «ባፈና ፈንቴ፣ አልጋ 5፣ ኤችአይቪ ፖዘቲቭ» ብሎ ጻፈ። ውስጡን ቆለፈ፣ ፈረመ፣ ላከ። ካርዱን ነቅሎ አንገቱ ላይ አጠለቀ።

መልሱ በማግሥቱ ደረሰ፤ ለባፈና በየሁለት ቀኑ፣ ስድስት ጊዜ፣ በደም ሥሩ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ታዘዘ። ሐሙስ ተጀመረ። ሦስተኛው መድኃኒት ሰኞ ጧት አለቀ።

ሰኞ ቀትር ላይ የሰሊጥ እርሻው ወኪል፣ ማዕረግ የሚባለው፣ በሞተር መጥቶ የባፈናን ጓዝ በር ላይ ጥሎ ሄደ፤ ብርድ ልብስ፣ ማጭድ፣ አንድ ጣሳ። ጣሳው የባፈና አይደለም። በእርሻው ሠራተኞች ካምፕ አርባ ሰው የሚጠጣበት፣ ከውኃው በርሜል ጋር በሽቦ ታስሮ የኖረው ነው። ሽቦው ተቆርጦ አብሮ መጥቷል።

ባፈና ጣሳውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ውባንተ ቀና አለ።

«ዶክተር፣ ደሜን የቀዱት እርስዎ ነዎት። ማን ነገራቸው?»

ውባንተ ካርዱን ከደረቱ አወጣ። «እይ፣ ይኸ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም። ከእኔ አልወጣም።»

በዚያች ሰዓት ያመነበትን ነበር የተናገረው።

«እንግዲያ አለምሰገድ ነዋ። ከእርሱ ሌላ ለማንም አላወራሁም።»

አለምሰገድ ያገሩ ልጅ ነው፤ አብረው ወርደዋል፤ በየቀኑ ምሳ ይዞለት ይመጣል። ያን ቀንም ሳህኑን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ባፈና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

«ውሰደው። አንተ ከሃዲ!»

«ምን አደረግሁህ፣ ወንድሜ?»

«ሂድ አልሁህ!»

ውባንተ ይህን በመስኮት ሰማ። ከሰዓት በኋላ ወደ መዝገብ ክፍል ገባ። «አገኘሽ፣ ለማዕረግ የነገርሽው ነገር አለ?»

«ቅዳሜ መጥቶ 'ሠራተኛዬ መቼ ይነሣል' አለኝ። 'አትጠብቀው፣ ሕመሙ ሁለት ነው፣ እዘኑለት' አልሁት። ለደግ ብዬ እኮ ነው።»

«አንቺ ከየት አወቅሽው?»

«ከዚህ!» ቀጠሮ የምትይዝበትን ስልክ አሳየችው። ኔትወርክ እዚያ ስለሚሻል የጣቢያው ኢሜይል በዚህም ስልክ ይገባል። «እኔ መች ከፈትሁት? ብከፍተውም የፊደል ውጥንቅጥ ነው። ይኸው፣ እላዩ ላይ ተጽፎ!»

ውባንተ ርዕሱን አነበበው። የራሱ ቃል ነበር። ላቦራቶሪ ገብቶ የሥልጠና ደብተሩን አወጣ። አራተኛው ገጽ ላይ፣ በገዛ እጁ ጽሑፍ፣ በቀይ ተሰምሮበት፣ «ርዕሱ አይቆለፍም» ይላል።

ወደ አልጋ አምስት መሄድ ነበረበት። ሠላሳ እርምጃ ነው። የማይክሮስኮፕ ስላይድ አጠበ፤ የታጠበውንም ደግሞ አጠበ። ነገ እነግረዋለሁ አለ። ማክሰኞ ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ፤ አንዴ ባፈና ተኝቷል ብሎ፣ አንዴ ነቅቷል ብሎ። ረቡዕ ጧት፣ አራተኛው መድኃኒት ሊሰቀል ሲል፣ አልጋው ባዶ ነበር። ጣሳው ብቻ ትራሱ ላይ ቀርቷል።

ውባንተ ጣሳውን ይዞ ሳሉጎች ለሥራ ወደሚቆሙበት አደባባይ ወረደና አለምሰገድን ፈልጎ አገኘው።

«አንተ አይደለህም ያወራኸው። እኔ ነኝ» አለው። «ደብዳቤውን አሽጌ፣ ስሙንና ሕመሙን በፖስታው ጀርባ ጻፍሁት። ከሰኞ ጀምሮ አውቄያለሁ። አሁን ከአልጋው ጠፍቷል።»

አለምሰገድ ጠየቀ፦ «ሰኞ አውቀህ ማክሰኞን ምን ሠራህበት?»

ውባንተ ጣሳውን ዘረጋለት።

«ባስታመምሁ ከሃዲ ተባልሁ። አንተ ደግሞ አንገትህ ላይ ቁልፍ አንጠልጥለህ ትዞራለህ!» ጣሳውን ከእጁ ነጠቀው። «ሽንፋ ላይ የአጎቱ ልጅ አለ። ሌላ የሚሄድበት የለውም፤ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

እሑድ ጧት ሁለቱ ጣቢያው በር ላይ ከጭነት መኪና ወረዱ። ባፈና በአለምሰገድ ትከሻ ተደግፎ ነበር። ውባንተ አልጋው አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ነገረው፤ ደብተሩን፣ ርዕሱን፣ ማክሰኞን።

«እርሱ መኪና ላይ ነግሮኛል» አለ ባፈና። «ከእርስዎ እስክሰማው ነበር የምጠብቀው።» ከዚያም «መድኃኒቱን እጨርሳለሁ። ደሜን ግን ሌላ ሰው ይቅዳው» አለ።

ውባንተ ስሕተቱን ለዶክተር ሔለን ጻፈ፤ ርዕሱ «አልጋ 5» ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የባፈናን ደም ነርሷ ትቀዳዋለች፤ ውባንተ ብልቃጡን በመስኮት ይቀበላል።

ስድስተኛው መድኃኒት በኅዳር አሥራ ስምንት፣ ከታቀደለት አራት ቀን ዘግይቶ አለቀ። በወሩ መጨረሻ ላይ የባፈና ጣፊያ ሲለካ ከጎድኑ በታች አምስት ሴንቲ ሜትር ነበር።