ተራው ዙላይሆ ዘንድ ሲደርስ

በቁቫ ወረዳ የሮማን ዛፍ የብርዱን ወራት ተቀብሮ ነው የሚያሳልፈው። ኅዳር ሲጋመስ ግንዶቹ በገመድ ይታሰሩና ከችግኝነታቸው ጀምሮ ወደለመዱት ጎን ይጋደማሉ፤ ከዚያ አገዳና አፈር ይከመርባቸዋል። አንዱን ዛፍ ለማጋደም ሦስት ብርቱ ሰው ይጠይቃል። ሁለቱ በደረታቸው ይጫኑታል፣ ሦስተኛው ግንዱ እንዳይሰነጠቅ ከሥሩ ይይዛል። ስለዚህ ሥራው በደቦ ነው። ለእኔ ልጅህን ከላክህ እኔም ለአንተ ልጄን እልካለሁ።

ዙላይሆ የምትልከው ወንድ አልነበራትም። ባሏ ማህካም ሩሲያ ግንበኛ ነው፤ ልጆቿ ሁለት ሴቶች፣ ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ። በየሰዉ ደቦ ራሷ እየሄደች ካሮት ከትፋለች፣ ሩዝ ለቅማለች፣ ድስት ፈግፍጋለች። ድስት መፈግፈግ ግን ተራ አያስቀድምም። የባሏ አባት የተከላቸው ሠላሳ አንድ ዛፎች ከመንደሩ ሁሉ መጨረሻ የሚቀበሩ ሆኑ።

ማህካም ቃል ገብቷል፤ የመጪው ዓመት ሮማን ጥሩ ከያዘ ይመለሳል፣ ዳግመኛም አይሄድም።

ማክሰኞ ጠዋት የደቦውን ተራ የሚያወጣውን ቶህታሲንን ከሰው ማሳ ላይ አገኘችው።

«ቶህታሲን አካ» አለችው እንደ ታላቅ ወንድም አክብራ፣ «ሐሙስ ማታ ከባድ ውርጭ ይወርዳል አሉ። ከዜሮ በታች አሥራ ስድስት።»

«ማነው ያለው?»

«ስልኩ።»

ሰዎቹ ሳቁ። «የእኔ ጉልበት ከስልክ ይቀድማል» አለ ቶህታሲን። «ውርጭ ሊመጣ ሲል ያመኛል፤ ገና አላመመኝም።»

«የእርስዎ ጉልበትማ ዶማ ሲያይ ብቻ ነው የሚያመው» አለ አፈር ከሚዛቅበት ጉድጓድ ውስጥ አንድ ጎረምሳ። ሳቁ ጨመረ። ቶህታሲንም አብሮ ሳቀ፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

«እህቴ፣ ረስተንሽ አይደለም። ዛሬ እዚህ ነን፣ ነገ ወንድሜ ጋ፣ ሐሙስ ከመስጊዱ ጀርባ። ዓርብ በማለዳ ሁላችንም ካንቺ ዘንድ ነን።»

«ውርጩ ከቀደማችሁስ?»

ቶህታሲን ዶማው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በእግሩ ፋቀ። «እነሱ እኮ ሦስት ሦስት ልጅ ልከውልኛል፤ ምን ብዬ ልዝለላቸው?»

እውነቱን ነበር። ዙላይሆ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ከባሏ እናት ከሮቢያ ጋር ብቻቸውን ጀመሩ። ሮቢያ ሰባ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል። ዙላይሆ ገመዱን ስትስብ አሮጊቷ ግንዱ ላይ ተቀመጠች፤ ግንዱ ግን ወፍ ያረፈበት ያህል እንኳ አልተነቃነቀም።

«ምራቴ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ብትጠሪኝ ኖሮ» አለች ሮቢያ፣ «ያኔ እንኳን ዛፍ፣ አልጋም ይሰበርልኝ ነበር።»

ሁለቱም ሳቁና ገመዱን እንደገና ያዙ። እስከ ሐሙስ ቀትር ዳር ላይ ያሉትን አራት ለጋ ዛፎች ቀበሩ። አምስተኛው ካንዴም ሁለቴ ከእጃቸው አምልጦ ተስፈንጥሮ ተነሣ፤ በሁለተኛው የሮቢያን ጉንጭ ጫረው። ዙላይሆ ለማህካም ደወለች።

«እንዳትሰብሪው!» አለ፤ ከኋላው የማሽን ጩኸት ይሰማል። «ተይው፣ ሰዎቹ ይምጡ።»

«ዓርብ ነው የሚመጡት።»

የማሽኑ ጩኸት ራቀ።

«ጆንያ ጠቅልይበት» አለ ማህካም።

ያላትን ጆንያ ሁሉ ጠቀለለች። ጆንያው ሲያልቅ የልጆቹን ብርድ ልብስ ጨመረች፤ ያም ሆኖ ለዘጠኝ ዛፍ ብቻ በቃ። አመሻሹ ላይ ነፋሱ ቆመ፣ ሰማዩ ጠራ። ገና ፀሐይ ስትጠልቅ የዶሮዎቹ ውኃ ስስ በረዶ ያዘ።

ዓርብ ማለዳ አሥራ አራት ሰው ሆነው መጡ። እንዳሉት፣ አንድም ሰው አልቀረም። ዛፎቹ ከሥር እስከ ጫፍ ነጭ ሆነው ቆመዋል። ሁለት ወጣቶች የመጀመሪያውን በደረታቸው ተጫኑት።

ቀጭ አለ።

ሁሉም ቆሙ። ቶህታሲን ጎንበስ ብሎ ስብራቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ሞቆ እስኪለዝብ እንጠብቅ?» አለ አንዱ።

«በምን ይሞቃል? ሰማዩን አታየውም? ማታ ደግሞ ይብሳል።» ቶህታሲን ወደ ዙላይሆ ዞረ፤ ዓይን ዓይኗን ግን አላያትም። «ሥሩ ደህና ነው። ከሥሩ ያቆጠቁጣል።»

«በስንት ዓመቱ ያፈራል?»

«ሦስት። አራትም ይሆናል።»

ዙላይሆ አማቷን አየቻት። ሮቢያ የጫማዋን አቧራ እያራገፈች ነበር። «ይቅበሩት እንጂ» አለች ቀስ ብላ። «ሰው ደክሞ መጥቶ ምን ብለን እንመልሰዋለን?»

ዙላይሆ ወደ ማዕድ ቤት ገባች፤ አሥራ አራት ሰው መብላት አለበት። ዘይቱን አጋለች፣ ሽንኩርቱን ጨመረች። ከጓሮ ግንድ ሲሰበር ይሰማል፤ ቀጥሎ አፈር ሲዛቅ፤ ቀጥሎ ሌላ ግንድ። ትንሿ ልጇ ልታይ ስትሮጥ ክንዷን ይዛ ካሮት እንድታቀብላት አደረገች።

ቀትር ላይ ሥራው አለቀ። ጓሮው ሠላሳ አንድ የተስተካከለ የአፈር ክምር ሆነ፤ ከማንም ማሳ አይተናነስም። ሰዎቹ ታጥበው ተቀመጡ፣ በሉ፣ ሩዙን አመሰገኑ። ከዚያ ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጠው ሽማግሌ መዳፉን ዘርግቶ መረቀ፤ ቤቱ እንዳይጎድል፣ የሄደው በሰላም እንዲመለስ፣ ዛፎቹ በመጪው ዓመት ቅርንጫፋቸው እስኪጎብጥ እንዲያፈሩ።

«አሚን» አሉ ሁሉም፣ ፊታቸውን በመዳፋቸው እየዳበሱ።

ዙላይሆ በሩ ሥር ቆማ ነበር። እሷም መዳፏን አነሣች።

«አሚን» አለች፤ ሻይ የጎደለው እንዳለም ጠየቀች።