ጥርሳሟን ወፍ ማን ይነካታል

ሊያንዢ መጋዙን ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ተመለሰችና ድንጋዩ ፊት ቆመች። ንክች አታደርጓትም ብላለች፣ አለቀ።

ድንጋዩን ከኮረብታው የፈለጠችው ራሷ ናት። አንዴ በመዶሻ ስትለው እንደ መጽሐፍ ተከፈተና ከጥንት ጀምሮ ድንጋይ ሆና የቀረችው ወፍ ከነላባዋ ብቅ አለች። ግን ምን ዓይነት ወፍ ናት? አፏ ውስጥ የእንሽላሊት ጥርስ፣ ክንፏ ላይ ሦስት ጥፍራም ጣት፣ ከኋላዋ ረጅም ባለ አጥንት ጅራት።

በመንደሩ ልማድ ከኮረብታው የወጣ ሁሉ ገዢ ሳያየው «ይታረማል»። የጎደለው በሙጫና በድንጋይ ዱቄት ይሞላል፣ የተረፈው ይቆረጣል። በማረም ደግሞ አጎቷን ሸንግፉን የሚያህል የለም። አምና አይጥ የምታክል ፀጉራም እንስሳ ስትገኝ፣ «መንጋጋዋ የእንሽላሊት ነው፣ ተሳስቷል» ብለው የእውነተኛ አይጥ መንጋጋ ለጠፉባት። ከሙዚየም የመጣ ሰው አይቶ «ሐሰት ናት» ብሎ ሳቀና ጥሏት ሄደ። ሊያንዢ ያቺን ምስኪን እስካሁን አልረሳቻትም።

«መጋዙ የታለ?» አሉ አጎቷ ሲገቡ።

«መጀመሪያ ምሳ ይብሉ፣ አጎቴ። ዶሮ ነው።»

«ዛሬ ምነው ደግ ሆንሽ?» የዶሮውን ክንፍ አነሱ። «ቶሎ በይ፣ ገዢው እየመጣ ነው። ወፍ ጥርስ የላትም፣ ጅራትም የላትም። ወይ ወፍ ትሁን ወይ እንሽላሊት!»

«ሁለቱንም ብትሆንስ? እርስዎን ልታስፈቅድ ነው?»

«አፍሽን ያዢ!»

«እሺ፣ ክንፉን ይጨርሱና አጥንቱን ይደርድሩልኝ።»

አያቷ ከሥሩ በእሳት ከሚሞቀው መደብ ላይ ሆነው፣ «ደርድርላት እንጂ፣ ምን ትሆናለህ?» አሉ።

አጎቷ እያጉረመረሙ ደረደሩ። ሊያንዢ የክንፉን ጫፍ በጣቷ ነካች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አጥንት ነዋ።»

«ጣት ነው! አንድ፣ ሁለት፣ ይቺ ስንጥር የመሰለችው ሦስት። አሁን ወደ ድንጋዩ ይዩ።»

አዩ። ማኘካቸውን አቆሙ።

«ጥርሱስ? ዶሮ መቼ ነው ጥርስ የነበራት?»

«ድሮ ነበራት፣ ጣለችው። እርስዎስ የፊቱን የት ጣሉት?»

አያቷ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ጅራቱስ?» አሉ አጎቷ ፊታቸው ቀልቶ።

«ሳህኑ ውስጥ አለ፣ ቂጧ ላይ። አሳጥራው ነው እንጂ አልተወችውም።»

«ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጠሽ አስተማሪ ሆንሽብኝ! መጋዙን አምጪ ብያለሁ!»

«ጉድጓድ ውስጥ ነው።»

«ምን አልሽ? ሌላ እገዛለሁ!»

«ይግዙ። ጉድጓዱ ገና አልሞላም።»

ይሄኔ የገዢው ሞተር ብስክሌት ደጁ ላይ ቆመ። ሰውየው ገባ፣ ድንጋዩን አየ፣ ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ጅራት ምንድን ነው? ቁረጡት። መንቁር አድርጉላትና እወስዳታለሁ።»

ሊያንዢ እጆቿን ዘርግታ ድንጋዩን ከለለች። ዓይኗ ግን አጎቷ ላይ ነበር። አጎቷ የደረደሯቸውን አጥንቶች አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ ሰውየውን አዩ።

«መጋዝ የለንም» አሉ። ቀጥለውም የተረፈውን ክንፍ ከሳህኑ አንስተው ዘረጉለት። «ቁጭ በል፣ ብላ። አጥንቱን ግን እንዳትጥል።»