ሁለት ዓመት ጎመን

ባንታምላክ ጎመን አይወድም። ሽታው ከሩቅ ሲደርሰው ጉሮሮው ይዘጋል። ይህን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ሆኖም ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከሥራ በወጣ ቁጥር፣ ሰሊጥ ከሚመዝንበት ገበያ ይነሣና፣ አቧራውን ከሸሚዙ ያራግፍና፣ ቀጥ ብሎ እየሩስ ቤት ሄዶ ስድስት የጎመን ቋጠሮ ይበላ ነበር።

የእየሩስ ቤት አራት ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ የቆርቆሮ ቤት ናት። በሯ ላይ በዐረብኛና በአማርኛ «ዲም ሰም» የሚል ተጽፏል፤ በዚህ ስም የሚጠራው ግን የለም። ስስ ሊጥ ተሞልቶ፣ አፉ በጣት ተቆልምሞ፣ በቀርከሃ ዕቃ በእንፋሎት የሚበስለውን ነገር የሰፈሩ ሰው «ቋጠሮ» ብሎታል። እየሩስ ሙያውን የተማረችው ሾዋክ ከተማ አጠገብ ግድብ ሲሠራ፣ በቻይናዎቹ ሠራተኞች ወጥ ቤት ተቀጥራ ነው። የዚያ ወጥ ቤት ሽማግሌ ወጥ ሠሪ ሁለት ዓይነት አሳያት፤ የሥጋና የጎመን። እሷም ሁለቱን ብቻ ትሠራለች። ሥጋው ከሱለይማን ሉካንዳ ስለሚመጣ የሙስሊሞቹ ደንበኞች ነው። ባንታምላክ እንደ አገሩ ክርስቲያን ሁሉ የራሱ ወገን ያላረደውን አይበላም። ስለዚህ ጾምም ይሁን ፍስክ፣ የሱ ድርሻ ጎመኑ ነው።

ከሦስት ወር በፊት እንደምንም ብሎ አግቢኝ አላት። «ቤተሰብህ ይጠይቀኝ» አለችው። አባቱ በሕይወት የሉም፤ የቤተሰቡ ቃል ያለው በእናቱ ታላቅ እህት በእትዬ እናኑ እጅ ነው። እሳቸው እሺ ካላሉ ከአጎቶቹ አንድም ለሽምግልና የሚነሣ የለም። እትዬ እናኑ ደግሞ ልጅቷ «የቻይና ምግብ ሻጭ» ናት ሲባል ሰምተው፣ አይቼ ካልሆነ አልናገርም ብለው ሐሙስ ዕለት ከመተማ ተሻግረው መጡ። ዓርብ ጠዋት ይመለሳሉ። ሴትዮዋ ባንታምላክን በልጅነቱ ያሳደጉት ናቸው፤ ከጎመን ጋር ያለውንም ነገር ጠንቅቀው ያውቁታል። ልጁ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረው በዚህ ነው።

«አትፍራ፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ» አለው ጓደኛው ኸይረዲን፣ ሴትዮዋን በሦስት እግር ራክሻው አምጥቶ በሩ ላይ ሲያወርድ። «ክፉ ሴት አይደሉም። ከአውቶቡስ ተራ እስከዚህ አነዳዴን ብቻ ነው የሰደቡት።»

«ብቻህን ብትነዳ ገደል ትገባ ነበር» አሉ እትዬ እናኑ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ሦስቱም ተቀመጡ። እየሩስ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው፤ ሁለት የቀርከሃ ዕቃም አምጥታ፣ አንዱን ኸይረዲን ፊት አስቀምጣ የሌላውን ክዳን አነሣች። እንፋሎቱ ሲገፈፍ ስድስት ነጫጭ ቋጠሮዎች ተደርድረው ታዩ።

እትዬ እናኑ አጠገባቸው ያሉትን ሁለት ቀጫጭን የመብያ እንጨቶች በጣታቸው ገፋ አደረጉ። «አፉ የተዘጋ ነገር አልወድም» አሉ። «ምን እንደያዘ በምን አውቃለሁ?»

«ይክፈቱት፣ እትዬ» አለች እየሩስ። «ሥጋ ያለበት ከኸይረዲን ፊት ነው። ይሄ ጎመን ነው።»

«እኔ ዘበኛ ነኝ» አለ ኸይረዲን፣ የራሱን ዕቃ በክንዱ ከልሎ። «ከኔ ወዲያ አያልፍም።»

እትዬ እናኑ አንዱን ቋጠሮ አንሥተው በጥፍራቸው ቀደዱት። አዩት፤ አሸተቱት። ሁለተኛውን ቀደዱ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ጎረሱት፤ ከጎን ባለው የሚያቃጥል ማጥቀሻ፣ በሸጣው ውስጥ አጥቅሰው አንድ ደገሙ። ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልተጻፈም።

«ያዝ እንጂ፣ ባንቴ» አሉ። «ወይስ ለአንተ ሌላ ነገር አለ?»

«ይኸው ነው» አለ ባንታምላክ ጠረጴዛውን እያየ።

«ጎመን?»

እየሩስ ፈገግ አለች። እስከዚያ ሰዓት እትዬን ደስ የሚያሰኝ ወሬ ስትፈልግ ነበርና አሁን ያገኘች መሰላት። «የሱን ያህል ጎመን የሚወድ ሰው አላየሁም፣ እትዬ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። እንዲያውም ለሱ ስሠራ ጎመኑን ጠቅጠቅ አድርጌ ነው።»

ባንታምላክ ዓይኑን ጨፈነ።

እትዬ እናኑ በእጃቸው የያዙትን ግማሽ ቋጠሮ አስቀመጡት። «ይኼ?» አሉ። «ይኼ ልጅ? የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ እናቱ ጎመን ብትሠራ፣ ጎረቤት ሄዶ በግ በረት ውስጥ ተኝቶ አደረ እኮ። መንደሩ ሁሉ ፋኖስ ይዞ ወጣ። እኔ ራሴ ነኝ ከበጎቹ መሐል የጎተትኩት።»

ኸይረዲን ሊስቅ አፉን ከፍቶ የእየሩስን ፊት አየና ዘጋው። ፊቷ ቀልቷል።

«እውነት ነው?» አለችው።

«እውነት ነው።»

«ሁለት ዓመት ስትዋሸኝ ነበር ማለት ነው።»

«እወዳለሁ ብዬ አላውቅም» አለ ባንታምላክ። «ጠቅጠቅ አድርጊው ያልኩሽም አይመስለኝም።»

«ታዲያ ለምን ትመጣ ነበር?»

«ለሸጣው ይሆናል» አለ ኸይረዲን፣ ጣሪያውን እያየ።

ባንታምላክ ነገር ሲናገር እንደ ሚዛኑ ነው፤ ሳይበዛም ሳያንስም ካልሆነ ከአፉ አይወጣም። «እዚህ ያለው ጎመን ብቻ ነው» አለ። «ሌላ ቤት ሌላ ምግብ አለ። አንቺ ግን የለሽም።»

እየሩስ የሽርጧን ጫፍ ጠቀለለችው፤ ፈታችው። «ምስር ቤቴ ሞልቷል» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ቀን ብትናገር ኖሮ ምስር እቋጥርልህ ነበር፣ አንተ ደረቅ።»

«በቀን ስንት ይበላል?» ብለው ጠየቁ እትዬ እናኑ።

«ስድስት። ሥራ የበዛ ዕለት ስምንት።»

እትዬ እናኑ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ገና ዛሬ ያገኙት ይመስል። «እናቱ ብትለምነው አንዲት ጉርሻ አልቀመሰላትም» አሉ። «ይህን ለእህቴ እንዴት አድርጌ ነው የምነግራት?» የተቆጡ መሰሉ። እየሩስም እንደዚያው መስሏት ዕቃውን ልታነሣ እጇን ዘረጋች። አሮጊቷ እጇን ያዟት።

«ተዪው። በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። በይ አጉርሺው።»

«እሱ እኮ አይወድም፣ እትዬ።»

«ለዚያ ነው የምልሽ።»

እየሩስ ካልተቀደዱት አንዱን መረጠች። ባንታምላክ አፉን ከፈተ። ጎመኑ እንደተባለው ተጠቅጥቋል። ሳያላምጥ ሊውጠው ጉሮሮውን ሲያዘጋጅ እትዬ እናኑ ጣታቸውን አነሡ።

«አላምጥ።»

አላመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ኸይረዲን ጀርባውን አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እትዬ እናኑ ግን ጉርሻው ጨርሶ ጉሮሮውን እስኪያልፍ ድረስ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ አዩት፤ ከዚያም ወደ ባለ ራክሻው ዞሩ።

«አንተ፣ መሳቁን ተውና ስልክህን አውጣ። አጎቶቹ ዘንድ ደውልልኝ። ለሽምግልናው እስኪመጡ ድረስ እዚሁ እቆያለሁ በላቸው።»

ኸይረዲን ስልኩን ሲፈልግ፣ እየሩስ ሁለተኛውን ቋጠሮ አንሥታ ባንታምላክ አፍ ላይ አድርሳው ነበር።